የጎረቤቴ መርዶ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ቂም ይዤ ጸልያለሁ፤ ጸሎቴም ራሱ ስለ ቂሜ ነበር። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምለምነው ከቤቴ ፊት ለፊት የሚኖረው ሰውዬ አንድ ቀን አምርሮ እንዲያለቅስ፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ እንዳየው ነበር። ይህን የምጽፈው ልመናዬ ስለ ተሰማልኝ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እኔና ባለቤቴ ከሱዳን ካምፕ ወደ አትላንታ ስንገባ ያረፍነው ስኮትዴል፣ ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የላይኛው ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ ከታች ሆነን «ይማርህ» እንል ነበር። በቀኝ ኮንጎዎች፣ በላይ ሱማሌዎች፣ ከኋላ ደግሞ ከኔፓል የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ በቋንቋ ሳንግባባ በርበሬ እንዋዋሳለን። አንዲት ጎረቤታችን ወንድሟ አገር ቤት ሞቶ ለቅሶ የተቀመጠች ጊዜ ስልሳ የሚሆን ሰው ደረጃውንና ኮሪደሩን ሞልቶት ዋለ። መኪናው ሣሩ ላይ፣ የቆሻሻ ገንዳው አፍ ላይ፣ ባገኘው ቦታ ሁሉ ቆመ። የግቢው ኃላፊ የነበረችው አሜሪካዊት መጥታ አየችን፣ ተመልሳ ሄደች፣ ሁለት እሽግ የላስቲክ ውሃ ተሸክማ መጣችና በሩ ሥር አስቀምጣ ሄደች። እኔ ግን ያንን ግቢ በበረሮው ምክንያት ረግሜ ነው የወጣሁት። የራሴ ቤት፣ የራሴ በር፣ ዝምታ ነበር የምፈልገው።

ባለቤቴ ታክሲ እየነዳ፣ እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እየቆረጥኩ፣ በኋላም እኔን ማሽን ሲተካኝ ኤርፖርት ገብቼ ዊልቸር እየገፋሁ፣ ስኔልቪል ቤት ገዛን። መጨረሻው የተዘጋ ጠባብ መንገድ ነው፤ አሥራ ስምንት ቤት አለው፤ ሣሩ ሁሉ እኩል ተቆርጧል። ዝምታውንም አገኘሁት። በዚያ መንገድ ሰው የሚታየው የቆሻሻ በርሜሉን ሲያወጣና ሲያስገባ ብቻ ነው። ሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር አለው፤ ሁሉም ኤች ኦ ኤ ይለዋል። የበርህን ቀለም፣ የሣርህን ቁመት፣ መኪናህ የት እንደሚቆም የሚወስነው እሱ ነው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ደግሞ የእኛው ሰው፣ ፊት ለፊታችን የሚኖረው ነበር። እኛ ቤት ስንገባ ይህንን ሰምተን «ተመስገን፣ ወገን አገኘን» አልን።

መጀመሪያ ላይ ወገን ነበር። እሱም እንደ እኛ በሱዳን በኩል የመጣ ነው፤ ዲኬተር ውስጥ ታክስ የሚሠራበት ቢሮ አለው። ሕግ የሚወድ ሰው ነው። ሣራችን ትንሽ ካደገ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልክብናል፤ ደብዳቤው በደረሰን ማግስት ደግሞ የራሱን ማጨጃ እየገፋ መጥቶ ያውሰናል። ባለቤቴ በዚህ ይስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ ታክሲው ውስጥ እንደ ተቀመጠ ሞተ። ሞተሩ እየሠራ፣ ሬዲዮው እየተናገረ ነው ያገኙት። ለቅሶው እኔ ቤት ሆነ፤ እድራችን ወንበር አመጣ፤ ሰው ከየሺፍቱ እየወጣ መጣ። ሰውዬውም መጀመሪያ ቀን መጥቶ ወንበር ተሸክሟል፣ አጠገቤ ተቀምጦ አልቅሷል። ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ስለነበር ሥራ የሌለው ሁሉ መጣ፤ መኪናው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደረደረ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ቄሱ ጸሎት ላይ እያሉ፣ አንዲት ሴት ከበር ገብታ መኪና የሚያነሡት መጥተው መኪናችንን ጭነው እየወሰዱ ነው አለች። መጀመሪያ አንድ ሰው ተነሣ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። በሩ ላይ የወለቀው ጫማ ተደበላልቆ ግማሹ በባዶ እግሩ ሮጠ። እኔ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎልኝ ጥቁር ለብሼ ተቀምጫለሁ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ተነሥታ መኪና አትከተልም። ቄሱ ጸሎታቸውን አላቋረጡም፤ እኔና አንዲት እግሯን የሚያማት ዘመዴ ብቻ «አሜን» እያልን ጨረስነው። ከመስኮቱ ውጭ የጫኚዎቹ ብርቱካናማ መብራት ይሽከረከር ነበር። አሥራ አንድ መኪና ወሰዱ።

ከባሌ ሞት ይልቅ የዚያ ቀን ባዶ ወንበሮች ገደሉኝ ብል ማጋነን ይመስል ይሆናል፤ ግን እንዲያ ነው። ከዚያ ወዲያ የእኔ መንገድ መኪና የሚያስነሣ መንገድ ተባለ። ለአርባው የመጣው ሰው ሱፐርማርኬቱ ጋ አቁሞ በእግሩ ነው የመጣው፤ ገና እንደ ተቀመጠ ሰዓቱን ያይ ነበር። ከአርባው በኋላ የሚጠይቀኝ ጠፋ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራ ውሎ ሠላሳ ደቂቃ ነድቶ መጥቶ ደግሞ መኪናውን የሚያጣ ማን አለ? እኔ ግን ማታ ማታ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን «ደህና አመሸህ» እስከ ማለት ደርሼ ነበር።

ማን እንዳስጫነ ያወቅኩት የባለቤቴ የአጎት ልጅ መኪናውን ሲያስለቅቅ ከተሰጠው ወረቀት ላይ ነው። ከታች ያዘዘው ሰው ፊርማ አለ። ያንን ፊርማ ከሣር ደብዳቤዎቹ ላይ እንደ ራሴ ፊርማ አውቀዋለሁ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ከቤት አትወጣም፤ እኔ ግን ወጣሁ። መንገዱን ተሻግሬ በሩን ደበደብኩ። ወረቀቱን አሳየሁት።

«እህቴ፣ ፈልጌ አይደለም» አለ። «ጎረቤቶች ፋየር ትራክ አያሳልፍም ብለው ኮምፕሌን አደረጉ። ፕሬዚዳንት ነኝ፤ ሳይን ማድረግ ነበረብኝ።»

ሃያ ርምጃ ተራምደህ መኪናችሁን አንሡ ማለት እንዴት አቃተህ አልኩት። ጸሎት ላይ ስለነበራችሁ ማቋረጥ ነውር መስሎኝ ነው አለኝ። ጸሎት ማቋረጥ ነውር ሆኖበት አሥራ አንድ መኪና አስጫነ! የዚያን ዕለት ከዚያ ሰው ጋር ሰላምታ አበቃ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ላከ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሻይ አጠጥቼ ባዶ እጃቸውን ሸኘኋቸው። በምትኩ የማኅበሩን የደንብ መጽሐፍ አወጣሁና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በዚያ ሰፈር ያንን መጽሐፍ የጨረስነው እሱና እኔ ብቻ እንደሆንን እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ ጀመርኩት። የቅርጫት ኳስ መረቡ ወደ መንገዱ በጣም ቀርቧል። የጣሪያው ዲሽ ከመንገድ ይታያል። በርሜሉ ጧት ሳይገባ ቀትር ሆኗል። ሁሉንም ጻፍኩ፤ ስሜንም አልደበቅኩም። ትልቁ ድሌ የገና መብራት ነበር። ደንቡ የበዓል መብራት ከፈረንጅ አዲስ ዓመት በኋላ ይውረድ ይላል። እሱ ደግሞ እንደ ማንኛችንም የእኛ ገና እስኪያልፍ ይተወዋል። ከሰስኩት። ሰውዬው ለራሱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ፣ ራሱ ፈርሞበት፣ በገና ዋዜማ መሰላል ላይ ወጥቶ አምፖሉን አወረደ። እኔ መስኮቴ ላይ ወንበር ስቤ ተቀምጬ አየሁት። ደስ አለኝ፤ አንጀቴ ግን አልራሰም።

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ውስጥ፣ ሰኞ ዕለት፣ የእድራችን ሰብሳቢ ደወሉልኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። የሰውዬው እናት አልጋ ላይ ወድቀዋል፤ ሐኪም ወደ ቤት ውሰዷቸው ብሏል፤ ዛሬ ነገ ነው አሉኝ። ልጃቸው ግን አልተነገረውም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ልቡ ላይ ቀዶ ሕክምና አድርጓል፤ ደንግጦ እዚያው አውሮፕላን ውስጥ አንድ ነገር ቢሆንስ ብሎ ወንድሙ ከአገር ቤት አደራ ብሏል። ሚስቱም ታውቃለች፤ ደብቃለች። የእኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ሰውዬው ሥራ የማይገባበት እሑድ ይጠበቃል፤ ሰው ቅርብ ቤት ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ በአንድነት ተገብቶ፣ የሚደግፈው ሰው በቀኝና በግራ ቆሞ ይነገረዋል።

«ልጄ፣ ቅርብ ቤት ያንቺ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «መቀያየማችሁን አውቃለሁ። ሞት ግን ቂም አያውቅም።»

ቶሎ ብዬ እሺ አልኳቸው፤ እንዲያውም እንዴት እሺ እንዳልኩ ገረማቸው። ከዚያ መረቁኝ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳሎኑ መሐል ቆምኩ። አራት ዓመት የለመንኩት መጣ።

እህቴ አዲስ አበባ የምትኖረው ከእናትየው ጋር በአንድ ሰፈር ነው። የዚያኑ ቀን ደወልኩላት፤ በማግስቱ ጠይቃቸው መጣች። አልጋ ላይ ናቸው፣ እህል አይቀምሱም፣ ግን ልባቸው አልጠፋም አለችኝ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር አንገታቸውን ቀና አድርገው «እሱ ነው?» ይላሉ። እሱ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ትልቁ ልጃቸው፣ አትላንታ ያለው።

ረቡዕ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። እሱ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ በር አልቆመም። ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል፤ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል።

«እንደማትወጂኝ አውቃለሁ» አለ። «የመጣሁት ለዚያ ነው። እናቴ ስልክ አታነሳም። ወንድሜ ኔትወርክ ነው ይለኛል። ሚስቴ ቻርጅ ላድርግልህ እያለች ስልኬን ትወስድብኛለች። ቸርች ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያናግረኝ ድምፁን ይቀንሳል። ስለሚወዱኝ ይዋሹኛል፤ አንቺ ግን ትጠይኛለሽ፣ አትደብቂኝም። እህትሽ እዚያው ሰፈር ናት። ነገ ፍላይት አለ፣ ሲት ሆልድ አድርጌያለሁ፤ እስከ ማታ ካልከፈልኩ ካንስል ይሆናል። ዶክተሬ አትሂድ ብሎኛል። እሷ ደህና ከሆነች አልሄድም። ንገሪኝ፣ እናቴ ደህና ናት?»

እውነቱን ልናገር። በሩን ስከፍት በአፌ ላይ የነበረው እውነቱ ነበር። ብቻውን፣ ማንም ሳይደግፈው፣ እዚያው ደረጃዬ ላይ ልነግረውና ሲወድቅ ላየው ነበር የፈለግኩት። ከዚያ ስለ በረራው ሰማሁ። ብነግረው ይሄዳል። ሄዶም ይደርሳል። እጃቸውን ይይዛል፣ ይመርቁታል፣ ዓይናቸውን ይከድናል። የእኔ ቂም ለእሱ ትልቅ ውለታ ሊሆን ነው። ይህን ለማሰብ የወሰደብኝ ምራቄን እስክውጥ ድረስ ነው።

«ደህና ናቸው» አልኩት። «እህቴ ትናንት አይታቸዋለች። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።»

ፀሐዩን ማን ጨምሪ እንዳለኝ አላውቅም። ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ፤ ትንፋሹ ከሆዱ ወጣ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ሁለት ጊዜ። ደረጃውን ሲወርድ መንገድ ዳር የቀረውን የእኔን በርሜል እየጎተተ ጋራዡ አጠገብ አቆመልኝና ወደ ቤቱ ተሻገረ። በሩን ዘጋሁ። የዚያን ዕለት እራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ሐሙስ ኤርፖርት ላይ ለዚያ በረራ ተመደብኩ። አልጠየቅኩም፤ ደረሰኝ። አንዲት ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ገፍቼ እስከ አውሮፕላኑ አፍ አደረስኩ። መጨረሻ ላይ ሠራተኛዋ በማይክሮፎን ያልገባ ተሳፋሪ ካለ ብላ ሦስት ጊዜ ተጣራች። ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ መሄድ እችል ነበር። ባዶ ዊልቸሬን ይዤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ቆምኩ። ሲዘጋ ደስ አለኝ። አሁን ስጽፈው ልደብቀው እችል ነበር፤ ግን ደስ ብሎኛል።

ዓርብ ጠዋት መንገዱን አሻግሮ እጁን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁ። ቅዳሜ ሰብሳቢው ደወሉ፤ ሴትየዋ በእነሱ ሰዓት ሌሊት ላይ አርፈዋል።

እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ ሳሎኔ ሞላ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ነው፤ ከአርባው በኋላ ይህን ያህል ሰው ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ጫማው በሬ ላይ ተከመረ። ሴቶቹ በሹክሹክታ እያወሩ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። መኪና ግን ሁሉም ሱፐርማርኬቱ ጋ አቁሞ ነበር የመጣው። እኔ ደግሞ ለዓመታት በዚህ ሰውዬ ለቅሶ ቀን መኪና ጫኚ ስጠራ፣ ቁጥሩን ደውዬ አድራሻውን ስናገር በሐሳቤ አይቼ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ነገሩ አነሰብኝ። እኔ የወሰድኩበት ከመኪና ይበልጣል።

በሩን ራሱ ከፈተ፤ ከእንቅልፉ ነው የተነሣው። ከእኛ ወገን በዚያ ሰዓት በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ የተዘቀዘቀ ነጠላ ያየ ሰው ማንም አንድ ቃል እንዲናገረው አያስፈልገውም። «እናቴ» ብሎ ጮኸ። ወንዶቹ ያዙት። እኔ ከፊት ነበርኩ፤ ሆን ብዬ ነው ከፊት የሆንኩት። ፊቱን እስክጠግብ አየሁት። ከዚያ ሳላስበው ለቅሶዬ መጣ፤ ከሁሉም በላይ ጮኼ አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ ሰው አልጠየቀም። ባለቤቴን ነበር የማስበው።

ሦስቱን ቀን ውሃ አቀረብኩ፣ ወንበሬን ሰጠሁ፣ ድስት አጠብኩ። ሰብሳቢው፣ ሰውዬው በማይሰማበት፣ በሰው ፊት አመሰገኑኝ። ተቀያይማ እያለች ቤቷን ሰጠች፣ ሰምታ እያለች በአፏ አላወጣችም፣ ሴት ማለት እንዲህ ነው አሉ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። አንዲቷ ግንባሬን ሳመችኝ።

አሥራ ሁለተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ሰውዬው ያዋስኳቸውን ወንበሮች ይዞ መጣ። ጢሙን አልተላጨም። ወንበሮቹን እንደ ያዘ በር ላይ ቆሞ ማውራት ጀመረ። ሦስት ቀን ቤቱ በሰው ሲሞላ፣ ያኔ በእኔ ላይ ያደረገው ምን እንደሆነ እንደ ገባው ነገረኝ። ተሻግሮ መናገር ነበረበት፤ ፈርቶ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ያሉት አሜሪካኖች ወገኖቹን አደላ እንዳይሉት ፈርቶ ነው። ይቅር በዪኝ አለኝ። አራት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው።

«ሁሉም ያውቁ ነበር» አለ ቀጥሎ። «ሚስቴም። ብታውቂ ኖሮ የምትነግሪኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ለእልህ ስትይ እንኳ ትነግሪኝ ነበር።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ወንበሬን ተቀብዬ በሬን መዝጋት እችል ነበር፤ እሱም ዕድሜ ልኩን በርሜሌን ይጎትትልኝ ነበር። ግን ሰውዬው ያላወቀው በቀል ጨው የሌለው ወጥ ነው። ያቺ ይቅርታው ደግሞ አናደደችኝ። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሃያ ርምጃ ከመራመድ ይልቅ አራት ዓመት ጠብቆ፣ እናቱ ሞተውበት ነው የገባው።

«ረቡዕ ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር» አልኩት። «ፀሐይ አልሞቁም። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው ይሉ ነበር።»

ወንበሮቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ አስደገፋቸው። አራት ናቸው፤ ቀስ ብሎ ነው ያስደገፋቸው።

«ሐሙስ ብነሣ እደርስ ነበር?» አለ።

«ትደርስ ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። በሩ ላይ ቆሜ ደስታዬን ጠበቅኩት። መጣ፤ አልመጣም አልልም። ትንሽ ነበር፤ ቶሎም አለቀ።

ከዚያ ፍርሃት ገባኝ። ይናገራል ብዬ ነው። ለእድሩ ቢናገር ማን ለቅሶ ይደርሰኛል? ስሞት ማን ያነሣኛል? ቤተ ክርስቲያን ስገባ የሰውን ፊት እያነበብኩ ገባሁ፤ ሰብሳቢው ሲደውሉ ነገሩ ወጣ እያልኩ አነሣሁ። ሰውዬው ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱም አልነገራት፤ አሁንም ስታገኘኝ ታቅፈኛለች። ጠዋት ጠዋት መኪናውን ሲያስነሣ ወደ እኔ መስኮት አያይም። የሣር ደብዳቤ እንኳ አቆመ።

በክረምቱ የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ስኮትዴል፣ ከድሮው አፓርትመንታችን ብዙ በማይርቅ አዳራሽ ተደረገ። ሰብሳቢው እርጅናውም ሕመሙም በረታብኝ አሉ። ሊቀመንበርነቱን እይዛለሁ፣ የመርዶውን ነገር ግን ሌላ ሰው ይረከበኝ አሉ። ከአገር ቤት የሚመጣውን ስልክ የሚቀበል፣ የሚነገርበትን ቀን የሚቆርጥ፣ እስከዚያ ድረስ ይዞ የሚቆይ ሰው ማለታቸው ነው። ማንም አይፈልገውም። ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ። ሰውዬው ነው።

«በእናቴ ጊዜ ያየሁትን ልናገር» አለ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ጎረቤቴ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ፊት ለፊት ተጠይቃ እንኳ አታወጣም። ከእሷ የተሻለ ሰው የለንም።»

ሰው አጨበጨበ። ሰብሳቢው እንባቸውን ጠረጉ፤ ቂማቸውን ፈጽመው ጣሉት ብለው ነው የተነኩት። እኔ ዞሬ አየሁት። ፈገግ አላለም። እምቢ ለማለት ምክንያት መስጠት ነበረብኝ፤ ምክንያቱ ደግሞ እሱ ኪስ ውስጥ ነበር። እሺ አልኩ።

አሁን ስልኬ ከመላው አትላንታ ይጠራል። ሰውም ይጠይቀኛል፤ ቤቴ ባዶ ሆኖ የሚያመሽበት ቀን ጥቂት ነው። ያወቅኩትን ይዤ ሥራ እገባለሁ፣ ገበያ እሄዳለሁ፣ ጠበል ጻዲቅ ላይ እቀመጣለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አባቷ የዛሬ ሦስት ቀን እንደ ሞቱ እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም፣ ዳቦ ታቀብለኛለች። የሚጠረጥሩ አሉ። ዓይን ዓይኔን እያዩ ይጠይቁኛል። ደህና ናቸው እላለሁ። ያቺ ቃል በወጣች ቁጥር ሰውዬው እዚያ ቆሞ የሚሰማኝ ይመስለኛል።

ትናንት ጠዋት ከቤት ስወጣ ሦስት ቤት ወረድ ብላ የምትኖረው የአገራችን ልጅ፣ ወጣቷ ነርስ፣ መኪናዋን አጠገቤ አቁማ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። እናቷ ቪዛ እንዳገኙ ነገረችኝ፤ ለልጇ ክርስትና ይደርሳሉ፤ ኤርፖርት ሲገቡ ዊልቸራቸውን የምገፋው እኔ ብቻ እንድሆን ቃል አስገባችኝ። እሺ አልኳት። እናትየዋ ያረፉት ማክሰኞ ነው።